እጅ የለመደውን ይስላል

(በደብረ ማርቆስ ለሥዕል መምህራን፣ ለፎቶ ቤት ባለሙያዎችና ለማስታወቂያ ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቃችሁን ዘግታችሁ፣ ፎቶ ቤቱን ለረዳት ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። የኔታ፣ እርስዎም በዚህ ፀሐይ ስለመጡ አክባሪዎ ነኝ። ከእርስዎ ፊት ስለ ሥዕል ማውራት ድፍረት ቢሆንም፣ ከተሳሳትኩ እንዲያቋርጡኝ ቀድሜ ለምኛለሁ።

በቀጥታ ልግባ። ባሕር ዳር ሊሠራ የታሰበ አንድ ሕንፃ ነበር፤ ቆርቆሮ አጥሩ ላይ ወደፊት የሚመስለውን መልክ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ተለጥፎበታል። ሕንፃው መስታወት በመስታወት ነው። ፊት ለፊቱ ዘንባባ ተደርድሯል፤ እሱ እንኳ የባሕር ዳር ወግ ነው። ከሥሩ የሚተላለፉት ሰዎች ናቸው የሚገርሙት። ባለ ወርቃማ ፀጉር ሴት ውሻ በገመድ ይዛ ታዝናናለች። ኮቱን ክንዱ ላይ ጣል ያደረገ ፈረንጅ ስልክ ያወራል። ሁለት ነጫጭ ሕፃናት ፊኛ ይዘው ይሮጣሉ። ነጠላ ያጣፋች እናት የለችም፣ ባጃጅ የለም፣ ሎተሪ አዟሪ የለም። የሕንፃው ባለቤት ጎጃሜ ነው፤ ነዳፊው እዚሁ ተወልዶ እዚሁ የተማረ ልጅ ነው፤ የሚከራየውም የእኛው ሰው ነው። ታዲያ እነዚህ እንግዶች ከየት መጡ?

ከሶፍትዌሩ ነው የመጡት። ሕንፃ የሚነድፉባቸው ፕሮግራሞች ዛፍ፣ መኪና፣ ሰው የሚባል ዝግጁ ዕቃ ግምጃ ቤት አላቸው። ነዳፊው ሕንፃው ባዶ እንዳይመስል ከዚያ ውስጥ እየመዘዘ ይበትናል። ግምጃ ቤቱን የሞሉት ደግሞ ሌላ አገር ያሉ ሰዎች ናቸው፤ በደጃቸው የሚያልፈውን ሰው ነው ያስገቡት። ከዚያ ባሕር ዳር መንገድ ላይ ፈረንጅ ውሻ ያዝናናል ማለት ነው።

ይህን ልጅ ዘረኛ ልንለው አንችልም። ራሱን ይጠላል ማለትም ስድብ ነው። ቸኩሎ ነበር፣ እጁ ላይ ያገኘውን ተጠቀመ። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ሥዕል የሚወለደው ከሥዕል ነው። ሠሪው አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይወስንም፤ ከእሱ በፊት የነበረው ናሙና ወስኖ ጨርሶለታል። ስለዚህ አድልዎ ያለበት ሥዕል ሳይ "ማን ነው ይሄ ክፉ?" አልልም። "ይሄ ከምን ተቀዳ?" እላለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ይገኛል፤ አንዳንድ ጊዜም ያስደነግጣል።

ፎቶ አንሺዎች ስላላችሁ ከእናንተ ልጀምር። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች አንድ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ ያማረ ልብስ የለበሰች ነጭ ሴት አለች። አጣቢው ማሽኑን ሲያስተካክል የእሷን ፊት እያየ ነው፤ የእሷ ፊት ካማረ ማሽኑ ልክ ገብቷል። የመጀመሪያዋ ሴት ስሟ ሸርሊ ስለነበር ሴቶቹ ቢቀያየሩም ካርዱ "የሸርሊ ካርድ" እንደተባለ ቀረ። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሠርት ዓመታት የዓለም የቀለም ፎቶ የተቃኘው በዚያች ሴት ቆዳ ነው። ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች አንድ ላይ ሲነሱ ነጩ በደንብ ይወጣል፣ ጥቁሩ ዓይንና ጥርስ ብቻ ይሆናል። ብዙ ሰው ያንን የቆዳው ጥፋት አድርጎ ተቀብሎት ኖረ።

ይህ እንዴት ተለወጠ ብትሉ፣ ታሪኩ ያስቃልም ያናድዳልም። የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኞች እንደተናገሩት፣ ኮዳክን አጥብቀው የጎተጎቱት የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ናቸው። አንዱ "የወተት ቸኮሌቱና ጥቁሩ ቸኮሌት ፎቶ ላይ አይለዩልኝም" አለ፤ ሌላው "የጠረጴዛዬ እንጨት መልኩ ይጠፋል" አለ። ፊልሙ ለጠረጴዛ ሲባል ተሻሻለ፣ ሰውም በዚያው ተጠቀመ። የተለያየ መልክ ያላቸው ሴቶች አብረው የሚታዩበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው።

"ዛሬ ፊልም የለም፣ ምን አገባን" እንዳትሉ። ሰርግ ላይ እንሂድ። ሙሽራዋ ጠይም ናት፣ ነጭ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳለች፤ ሚዜዎቹ ነጭ፣ እናትና አክስት ነጭ። ካሜራ ብርሃን ሲለካ የሚያየው ሁሉ አማካዩ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል፤ የተሠራው እንደዚያ ነው። ይህን ሁሉ ነጭ ሲያይ "ኧረ በዛ" ይልና ብርሃኑን ይቀንሳል። ቀሚሱ ልክ ይሆናል፣ ፊቷ ይጨልማል። ማታ ኤዲት የሚያደርገው ልጅ ደግሞ የጨለመውን ፊት ያያል፣ ፎቶሾፕ ከፍቶ ጥግ ድረስ ያነጣዋል። የጠፋ ዝርዝር በማንጣት አይመለስምና ፊቷ አመድ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን አልበሙ ሲመጣ ሙሽራዋ ራሷን አታውቀውም። ቤተሰቡ "ቀልታለች" ብሎ ይደሰታል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ካሜራውም፣ ልጁም፣ ቤተሰቡም።

መላው ቀላል ነው። ልኬቱን ፊቷ ላይ አድርጉ። በስልክ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ፊቷን በጣታችሁ ንኩት። ቀሚሱ ትንሽ ይንጣ፤ ጥልፉን ለብቻው በቅርበት ታነሱታላችሁ። ከፊት ለፊት ፍላሽ አትልቀቁባት፤ ጠይም ቆዳ ላይ ፍላሽ ግንባርና አፍንጫ ላይ ብቻ ያብለጨልጭና ሌላውን ይገድለዋል። መስኮት በጎን አድርጉላት። ብርሃን የሚመልስ ዕቃ ከሌላችሁ ደግሞ አንዷ ሚዜ ነጠላዋን ዘርግታ ከጥላው በኩል ትቁም፤ ያ ነጭ ጨርቅ ብርሃኑን ወደ ፊቷ ይመልሰዋል። ፊቷን ሲያጨልም የነበረው ነጠላ ማለት ነው። ይህን የሚሸጥልን ኩባንያ የለም እንጂ ከፈረንጁ መላሽ አያንስም።

አሁን ወደሚከብደው ልለፍ። የጣናን አብያተ ክርስቲያናት የምታውቁ ታውቃላችሁ። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱን ግድግዳ ዞሮ ያየ ሰው የሥዕልን ጥግ አይቷል። ዳጋ እስጢፋኖስ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው መነኩሴ ፍሬ ጽዮን የሳላት እመቤታችን አለች። ዳጋ ሴት ስለማትገባ እኔ ያየኋት በፎቶ ነው፤ ፎቶው ብቻውን ያስጎነብሳል።

የእኛ ሥዕል የራሱ ሕግ አለው፤ እዚህ ያሉ ሰዓሊዎች በልጅነታቸው ተምረውታል። ጻድቅ ፊት ለፊት ይሳላል፣ ሁለት ዓይን ይታያል። ርኩስና ጠላት በጎን ይሳላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል። የዐድዋ ሥዕሎችን አስታውሱ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በነጭ ፈረስ፣ በአንድ ወገን የእኛ ሠራዊት ሁለት ዓይን፣ በሌላው ወገን የጣሊያን ሠራዊት አንድ ዓይን። ጣሊያኑ ነጭ ስለሆነ ቅዱስ አልሆነም። ሰዓሊው ቆዳውን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ዓይኑን ነው የለየው። ይህ የሚያኮራ ሕግ ነው እላለሁ።

ግን በዚያው ግድግዳ ላይ ሰይጣኑን እዩት፤ አንድ ዓይን አለው፣ ጥቁርም ነው። መላእክትና ቅዱሳን ደማቅ ገጽ፣ አጋንንት ጥቁር ገጽ። ይሄኛውስ ከምን ተቀዳ?

እኔ እንደሚመስለኝ አንዱ መንገድ ከግብፅ በረሃ የመጣ ነው። በጥንት የግብፅ መነኮሳት ታሪኮች ውስጥ ሰይጣን ሲፈትናቸው በጥቁር ልጅ፣ አልፎ አልፎም በግልጽ "በኢትዮጵያዊ" አምሳል ይታያል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አትናቴዎስ በጻፈው የአባ እንጦንስ ገድል ላይ ጥቁር ልጅ ሆኖ መጥቷል። ያን የጻፈው በግሪክ ቋንቋ፣ በሌላ አገር ላሉ መነኮሳት ነው። ያ ገድል ደግሞ ወደ ግእዝ ገና ከጥንት ከተተረጎሙት አንዱ ነው። ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ ሌሎች እኛን አስበው የሳሉትን ጭራቅ እኛ ተቀብለን፣ በራሳችን ግድግዳ፣ በራሳችን ቀለም ሳልነው። እኛ መሆናችንን ግን አላየንም፤ "ጥቁር" የተባለው ሌላ ሰው መስሎን።

ስለ ደማቁ ገጽም ናሙና አለ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ገደማ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል ቅጂ አመጡ። ከዚህ ሩቅ ባልሆነው መርጡለ ማርያም እቴጌ እሌኒ ባሠራችው ቦታ ላይ ኢየሱሳውያን የገነቡት ፍርስራሽ ዛሬም ቆሟል፤ ስለዚህ ስለ ሩቅ ነገር አይደለም የማወራው። ያቺ ሥዕል እመቤታችንን ልጇን ታቅፋ፣ እጆቿን አነባብራ፣ በግራ እጇ መሐረብ ይዛ ነው የምታሳየው። የእኛ ሰዓሊዎች ወደዷት፤ ትውልድ ለትውልድ ሲገለብጧት መሐረቧ እንኳ አልወደቀችም። በ1591 እ.ኤ.አ. ሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌልም መጣ፤ ውስጡ ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸው፣ በእንጨት ላይ ተቀርጸው የታተሙ ሥዕሎች ነበሩበት። የጎንደር ዘመን የብራና ሰዓሊዎች የክርስቶስን ተአምራት ሲስሉ ከእነሱ እየቀዱ ነው።

እዚህ ላይ ፍርዴ ቀጥ ያለ እንዳይመስላችሁ። የቴምፔስታ ሥዕሎች በጥቁር ቀለም ብቻ የታተሙ ናቸው፤ የፊት ቀለም አልነበራቸውም። ፊቱን ምን እንደሚቀቡት የመረጡት የእኛ ሰዎች ናቸው። ዓይኑን ትልቅ ያደረጉት፣ ልብሱን ያገራችን ያደረጉት እነሱ ናቸው። ገልባጭ ብቻ አልነበሩም። ዛሬ በየደጀ ሰላሙ በር ፍሬም ተበጅቶላቸው የሚሸጡት፣ ዓይናቸው ሰማያዊ፣ ጢማቸው ቡናማ የሆኑት የማተሚያ ቤት ሥዕሎች ግን ከዚያ ጥበብ ጋር አይወዳደሩም። እነሱ በቃ ግልባጭ ናቸው።

የኔታ እዚህ ጋ አቋረጡኝ፤ ያሉትን እንዳሉት ልጻፈው። "ልጄ፣ ሰዓሊው ነጭ አልቀባም፤ ብርሃን ነው የቀባ። ጸጋን በምን ያሳይ? ደግሞስ ሙሴ ጸሊምን ሰኔ 24 ቀን አናከብረውም? ጥቁር ነው፣ ቅዱስ ነው።"

ልክ ናቸው። የሰዓሊው ሐሳብ ብርሃን ነው፤ በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። የእኔ ነገር ሐሳቡ ከሥዕሉ ጋር ተጠቅልሎ አለመሄዱ ነው። ሰዓሊው ከሞተ 200 ዓመት ሆኖታል፤ ግድግዳው ሥር የቆመው ልጅ 6 ዓመቱ ነው። ልጁ ጸጋ የሚባል ነገር ገና አልተማረም፤ ቀይና ጥቁር መለየት ግን ያውቃል። ስለ ሙሴ ጸሊም ስጠይቃቸው የኔታ ራሳቸው ሳቁ፤ ሥዕሉን በየአጥቢያው ያገኘሁት ይመስልሻል ወይ አሉኝ። ቢሣል ግን ማን ይከለክላል? ሕጉ ሁለት ዓይን ይፈቅድለታል።

ስለ ፈረንጅ ናሙና ይህን ያህል ካወራሁ ስለ እኛ ዝም ማለት አልችልም። መተከል የጎጃም አካል በነበረበት ዘመን፣ ከዚያም አስቀድሞ፣ ከቆላው ሰው እየተፈነገለ ወደ ደጋ ይሸጥ ነበር። ጉሙዞቹ ያንን ከእኛ በላይ ያስታውሱታል። ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ ያን ዘመን ያዩ ሽማግሌዎችን በልጅነታችን አግኝተናቸዋል። በአደባባይ ብዙም አናወራውም። ሥዕል ላይ ግን ተቀምጧል። የልጆች ተረት መጽሐፍ ግለጡ፤ ንጉሡ ቀይ ዳማ ነው፣ ልዕልቲቱ ቀይ ናት፣ ደጁን የሚጠብቀው አሽከር ጥቁር ነው፣ ሌባውም ጥቁር ነው። ሰዓሊውን "ለምን?" በሉት፤ "እንዲለዩ ብዬ ነው" ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ እንዲለዩ ነው። እንዴት እንደሚለዩ ግን አስቀድሞ የተወሰነለት ነገር አለ።

ወይጦዎቹንም እዩ። የጣና ታንኳ በፖስታ ካርድ ላይ አለ፣ በሆቴል ግድግዳ ላይ አለ፣ በቲሸርት ላይ አለ። ታንኳዋን ከደንገል የሚያስረው ወይጦ ነው። አያቶቹ ጉማሬ ስለሚበሉ ተንቀው፣ ከሌላው ጋር በአንድ ገበታ ሳይቀርቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሥዕሉ ላይ ታንኳዋ ወርቃማ ናት፤ ቀዛፊው ግን ከፀሐይ መጥለቂያ ፊት ለፊት የቆመ ጥቁር ጥላ ነው፣ ፊት የለውም። ፎቶ አንሺዎች፣ ያ ጥላ ውብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም እወደዋለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ግን ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ሰውየውን አንሱት፤ ደንገሉን ሲያስር እጁን አንሱ፤ አስፈቅዳችሁ ስሙን ከሥሩ ጻፉ።

ሌሎች እኛን ሲስሉ ምን እንደሚሰማ ደግሞ ጎጃሜ አይጠፋውም። አዲስ አበባ የሚሠራ አስቂኝ ድራማ ላይ ዘበኛ ካስፈለገ ቁምጣ ያለብሱትና አነጋገራችንን ያናግሩታል። ቅኔው የት ሄደ? የጎጃም የቅኔ መምህር ሲሳል ባለ ጥምጥም፣ ባለ ነጭ ጢም ወንድ ብቻ ነው፤ ዓይነ ስውሯ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ግን እዚሁ ጎጃም ወንበር ዘርግተው ወንዶችን አስተምረዋል። ይህ ከዘር ጉዳይ ትንሽ ወጣ ይላል፣ ግን መንገዱ ያው ነው፤ ሠሪው ያልታየውን አይስልም።

ከ1977 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሌላ ናሙና ተጨምሮብናል። በጥቅምት ወር፣ እ.ኤ.አ. በ1984 መሆኑ ነው፣ ኬንያዊው ካሜራማን ሙሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸውና ማይክል በርክ ያቀረበው የቢቢሲ የረሃብ ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ። ያ ፊልም ሕይወት አድኗል፤ እሱን አልክድም። ግን የኮረም መጠለያ የመላው ኢትዮጵያ ፊት ሆኖ ቀረ። የአውሮፓ ረድኤት ድርጅቶች ራሳቸው ነገሩ ስለከነከናቸው በ1989 እ.ኤ.አ. ስለሚያሳዩት ምስል የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። ደንቡ ወጣ፤ ፎቶዎቹ ግን በየመዝገቡ ተቀምጠው ቆዩ።

ተቀምጠውም አልቀሩም። አሁን ባነር ለመሥራት ሰው ሠራሽ አስተውሎት የምትጠቀሙ ብዙ ናችሁ፤ አፍሩ እያልኩ አይደለም፣ እኔም እጠቀማለሁ። "የኢትዮጵያ ገበሬ" ብላችሁ ጻፉና የሚመጣውን እዩ። እኔ ስሞክር መሬቱ ብዙ ጊዜ የተሰነጣጠቀ ነው፣ ልብሱ የተቀዳደደ፣ ፊቱ የተጨነቀ። በመስከረም የጎጃምን ማሳ ያየ ሰው ይህ ከየት መጣ ይላል። ማኛ ጤፍ የሚያመርት፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከገበያ እየቀለደ የሚመለሰው ሰው የለም። ማሽኑ ክፋት የለውም፤ እኛን ያወቀን ስንራብ ብቻ ስለሆነ ነው።

በዚህ ላይ ከእኛው አገር የወጣች ሴት ትልቅ ሥራ ሠርታለች። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ፊት አይተው ወንድና ሴት የሚለዩ የታላላቅ ኩባንያዎችን ፕሮግራሞች ፈተኑ። ቆዳቸው ፈካ ያለ ወንዶች ላይ ከፍተኛው ስሕተት 0.8 በመቶ ነበር። ቆዳቸው ጠቆር ያለ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ከሦስት ሴቶች አንዷን ገደማ ወንድ ነሽ ይላታል ማለት ነው። ምክንያቱ ያው የድሮው ነው፤ እንዲህ ያለ ማሽን በብዛት ያየውን በደንብ ይለያል፣ ጥቂት ያየውን ይስታል። የሸርሊ ካርድ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ እንጂ አልጠፋም።

የጤና ባለሙያ እዚህ ስለሌለ በዚያ በኩል በአጭሩ ልለፍ። ሕክምና ላይ ይህ ነገር ቀልድ አይደለም። ጣት ላይ እየተሰካ ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ ጥቁር ቆዳ ላይ የኦክስጅን እጥረትን ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ አብልጦ እንደሚስት በአሜሪካ ሆስፒታሎች በተደረገና በ2020 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ታይቷል። ሽፍታ "ይቀላል" የሚለው መጽሐፍ በእኛ ቆዳ ላይ ያለውን ሽፍታ አያሳይም። ናይጄሪያዊው የሕክምና ሰዓሊ ቺዲየቤሬ ኢቤ በማሕፀን ያለ ጥቁር ፅንስ ስሎ በ2021 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ዓለም የተደነቀው፣ ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ሥዕል ጨርሶ አይቶ ስለማያውቅ ነው። ጥቁር ሴት ጥቁር ልጅ ማርገዟ ዜና ሆነ።

መምህራን፣ የእናንተ ነገር ከሁሉ ይቀድማል። ባለ 12 ቀለም እርሳስ ሰጥታችሁ "ቤተሰባችሁን ሣሉ" በሏቸው። ቡናማው ለቤቱ፣ ለበሬው፣ ለዛፉ ግንድ ያልቃል። ፊት ጋ ሲደርሱ አንዳንዱ ወረቀቱን ነጭ ይተወዋል፣ አንዳንዱ ሮዝ ያነሣል። አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ሮዝ አይደለም፤ መጽሐፉ ላይ ያለው ልጅ ነው ሮዝ። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኬኔትና ማሚ ክላርክ የተባሉ ጥቁር ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ምሁራን ከቀለማቸው በቀር አንድ ዓይነት የሆኑ አሻንጉሊቶች ለጥቁር ሕፃናት ሰጥተው "ጥሩው የትኛው ነው?" ብለው ጠየቁ፤ አብዛኞቹ ነጩን አነሡ። "አንቺን የሚመስለውስ?" ሲባሉ የሚያለቅሱም ነበሩ። በ1954 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትምህርት ቤት በዘር መለየቱን ሲያስቆም ይህ ሥራ ከቀረቡለት ማስረጃዎች አንዱ ነበር። እዚህ ከጣሊያን ወረራ ዘመን በቀር ያ ዓይነት የዘር ሕግ አልነበረብንም። ሮዙ እርሳስ ግን መጥቷል።

ስለዚህ ቀለም መቀላቀል አስተምሯቸው። ቢጫና ቀይ ቀላቅለው፣ ሰማያዊ ጠብ ያድርጉበት፤ ቡናማ ይወጣል። ቢጫው ሲበዛ ቀይ ዳማ፣ ሰማያዊው ሲበዛ ጠይም፣ ከዚያም ጥቁር። እያንዳንዱ የራሱን እጅ ወረቀቱ ላይ አሳርፎ እስኪመሳሰል ይቀላቅል። ጥላ ሲያገቡ ጥቁር ቀለም አይጨምሩ፤ ፊቱን ያቆሽሸዋል። የጠይም ሰው ጥላ ወደ ወይን ጠጅና ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ፀሐይ የነካው ጉንጭ ደግሞ ወርቅ ይመስላል። አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ዓይነት ቡናማ እንዳለ ሲያዩ ልጆቹ ራሳቸው ይገረማሉ።

ጥያቄዎች ነበሩ። አንድ የማስታወቂያ ሠራተኛ "እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ደንበኛ ግን ባነሩን በአንድ ሰዓት ይፈልጋል። ኢንተርኔት ላይ ያለውን ካላወረድኩ ከየት ላምጣ?" አለኝ። እኔም ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነው አልኩት። ግምጃ ቤቱ ፈረንጅ የሞላው እኛ ምንም ስላላስገባንበት ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ያላችሁ ፎቶ አንሺዎች ብቻ ተባብራችሁ፣ ሰዎቹን አስፈቅዳችሁ፣ የደብረ ማርቆስን ነርስ፣ ጥልፍ ጠላፊ፣ ኮንትራት አስተማሪ፣ ባጃጅ ነጂ፣ አንባቢ ልጅ፣ የሚስቁ ሽማግሌ አንሥታችሁ አንድ ፎልደር ብትሞሉ ይህ ልጅ ከነገ ጀምሮ ሌላ አያወርድም። ስታነሱ ግን ቀይ ዳማውን ብቻ እንዳትመርጡ፤ እጃችሁ ወደዚያ ይሄዳል።

አንድ መምህር ደግሞ "የሕፃናቱ መጽሐፍ ላይ ሁሉንም ጥቁር ብናደርግስ?" ብሎ ጠየቀ። አይሆንም፤ ያም ሌላ ናሙና ነው። ንጉሡም አሽከሩም በየተራ ቀለም ይቀያየሩ፤ አንዱ ቀለም ለአንዱ ሙያ እንዳይመደብ ብቻ ጠብቁ።

መጨረሻ ላይ የተነሣው ፎቶ አንሺ ነው፤ ሰዎቹ ሳቁበት እንጂ የብዙዎቹ ጥያቄ ነበር። "ሙሽራዋ ራሷ 'አቅላኝ' ብትለኝስ? ገንዘብ የምትከፍለው እኮ እሷ ናት" አለ።

የዚያን ጊዜ የመለስኩለት ይሄንን ነው። ከመጀመሪያው ልኬቱን ፊቷ ላይ አድርገህ በደንብ አንሣት፤ ኤዲት ከማድረግህ በፊት ካሜራው ላይ አሳያት። ብዙ ሴት "አቅላኝ" የምትለው ፎቶ ላይ ስትጨልም ስለኖረች ነው፤ በደንብ የተነሣ ጠይም ፊቷን አይታው አታውቅም። አይታም "አቅላኝ" ካለችህ ቀሚሱም ሰርጉም ገንዘቡም የእሷ ነው፤ አቅላት። እጇንና አንገቷንም አብረህ አቅላ ብቻ፤ አለዚያ አማቶቿ አልበሙን ሲያዩ ፊቷ የማን ነው ብለው ይጠይቁሃል።